ቤት አለሁ ወይስ ቤት አለው? የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ስልክ አማርኛ

የዚህ ወር ጥያቄዎች በሙሉ ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ የመጡ ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል፤ የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው። መልእክቱ ሁሉ «እመጣለው»፣ «ምሳ በላው»፣ «ቤት አለው» ነው። ስቆጣው «ሁሉም እንዲህ ነው የሚጽፈው፤ ገብቶሽ የለ?» ይለኛል። ስሕተቱ የሱ ነው ወይስ እኔ ነኝ ዘመን ያለፈብኝ? *(ጡረታ የወጣሁ መምህርት፣ ከሹም አቦ)*

መልስ፦ ስሕተቱ የሱ ነው። በኛ ግምት በስልክ አማርኛ ውስጥ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ የሚብሰውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ባለቤቱን ይቀይራል።

ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ፈጠን ብለን «እመጣለሁ» ስንል የመጨረሻዋ ሁ ትንፋሿ ይጠፋና ው ትመስላለች። ጣት ደግሞ ጆሮ የሰማውን ይጽፋል። በጽሑፍ ግን ሁ «እኔ» ናት፣ ው «እሱ» ወይም «እሱን» ናት። «የት ነህ?» ብለው ጠይቀውት «ቤት አለው» ካለዎ፣ የነገረዎ ያለበትን ሳይሆን አንድ ሰው የቤት ባለቤት መሆኑን ነው። ቤት መሆኑን ሊነግርዎ ከፈለገ «ቤት አለሁ» ይበል። «አልበላሁም» ማለት ምግብ ሳልቀምስ ቀረሁ ማለት ነው፤ «አልበላውም» ደግሞ ያንን ምግብ እምቢ ማለት ነው። ምሳ ሸፍና ለምትጠብቅ እናት ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

መለያ ዘዴው ባለቤቱን መቀየር ነው። «እኔ በላሁ» የሚለውን በ«አንቺ» ቢለውጡት «በላሽ» ይሆናል፤ ሁ ቦታዋን ለሽ ለቀቀች። ስለዚህ የባለቤት ምልክት ናት። «እሱ በላው» የሚለውን በ«አንቺ» ሲለውጡት ግን «በላሽው» ይሆናል፤ ው ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። እሷ የተበላውን ነገር ነው የምታሳየው። ልጅዎ የላከውን መልእክት በዚህ መንገድ ሁለት ሦስት ጊዜ ራሱ ቢፈትነው ሕግ መሸምደድ አያስፈልገውም።

«ሄድኩ»፣ «ጻፍኩ» የሚሉት ላይ ችግር የለም፤ ኩ ጥርት ብላ ትሰማለች። የሚምታታው የግሱ መጨረሻ ተነባቢ ሳይሆን አናባቢ ሲሆን ነው፦ በላሁ፣ ሰማሁ፣ መጣሁ፣ ቆየሁ፣ ሰጠሁ። ከነዚህ ሌላ በ«አለሁ» የሚያልቁት ሁሉ አሉ፦ እመጣለሁ፣ በልቻለሁ፣ አይቼዋለሁ። በነገራችን ላይ በጎጃም «ሄድሁ»፣ «ነገርሁት» የሚሉ አዋቂዎች ሞልተዋል። ልጅዎ አያቶቹን ቢያዳምጥ ትክክለኛዋን ፊደል እዚያው ያገኛታል።

የዚሁ በሽታ ሁለተኛው ምልክት «አላቹ»፣ «ደህና ናቹ»፣ «እንኳን አደረሳቹ» ነው። አላችሁ፣ ናችሁ፣ አደረሳችሁ መሆን አለባቸው። በጥምቀት ሰሞን የሚዞሩትን የመልካም ምኞት ካርዶች ያየ ሰው ችሁ ጨርሳ የጠፋች ሊመስለው ይችላል። ካርዱ ለአንድ አክብረው ለሚጠሩት ሰው ከሆነ «እንኳን አደረሰዎ» ነው የሚባለው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ልጁ ሲቆጡት በፍርሃት ው የተባለችን ሁሉ ወደ ሁ ሊለውጥ ይችላል። «ትናንት የመጣሁ ልጅ» ብሎ ስለ ሌላ ሰው ከጻፈ መድኃኒቱ ከልክ በላይ ሆኗል፤ «የመጣው ልጅ» ነው።

ስልኩም የድርሻውን ያበላሻል። ደጋግመው የጻፉትን ቃል ኪቦርዱ ይማርና መልሶ ያቀርበዋል። በጂቦርድ (በጉግል ኪቦርድ) ከሆነ የሚጽፈው፣ «እመጣለው» በጥቆማው መስመር ላይ ሲወጣ ጫን አድርጎ ይያዘውና ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ምልክት ይጎትተው። ለጥቂት ቀናት «እመጣለሁ» ብሎ ሲጽፍ ጥቆማው ይቀየራል።

«ደህና»ን «ደና» ብሎ ቢጽፍልዎ ግን ይለፉት። ያ ድምፁን ማሳጠር ነው፤ ማን ምን እንደሆነ አያምታታም።

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር የዓሣ ምግብ ቤት አለን። የዕለቱን ምግብ ቴሌግራም ላይ እንለጥፋለን። «አሳ» ስንል «መጀመሪያ ፊደል ቁጠሩ» ይሉናል፣ «ዓሣ» ስንል ደግሞ ደንበኛ ፈልጎ አጣን ይላል። የቱን እንጻፍ? ማስታወቂያችን ይኸው፤ አርሙልን፦ «ትኩስ የአሳ ጉላሽ እና ለብለብ አለን:: እርሶ ቤቶ ሆነው ይዘዙን ያሉበት ድረስ እናመጣለን ፡፡»

መልስ፦ መጀመሪያ ተሳዳቢዎቹ ያላዩትን እንይ። ማስታወቂያው ውስጥ ያለው ትልቁ ስሕተት «አሳ» አይደለም፤ «እርሶ» እና «ቤቶ» ናቸው። አክብሮት የምታሳየው ፊደል ዎ ናት፦ እርስዎ፣ ቤትዎ፣ ስምዎ፣ እባክዎ። በአፍ ፈጠን ሲባል «ቤቶ» ይመስላል፤ በጽሑፍ ግን አክብሮቱን ቆርጦ መጣል ነው። «እባኮት»፣ «ስሞትን» የሚሉ ቅጾች በየቢሮው ተለጥፈው እናያለን፤ «እባክዎ»፣ «ስምዎን» ነበር የሚሉት።

ወደ ዓሣው እንመለስ። ይህች ባለ ሁለት ፊደል ቃል ድምጿ ሳይለወጥ 8 ዓይነት ትጻፋለች፦ አሳ፣ ኣሳ፣ ዐሳ፣ ዓሳ፣ አሣ፣ ኣሣ፣ ዐሣ፣ ዓሣ። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን ስምንት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደሎች የጋራ የኮምፒዩተር መዝገብ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ማሽኑ የሚያነጻጽረው ቁጥሩን እንጂ ድምፁን አይደለም። ፈላጊው አሳ ብሎ እናንተ ዓሣ ካላችሁ ላትገናኙ ትችላላችሁ። የከተማችን ስምም ቢሆን ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባኅር ዳር እየተባለ፣ ደግሞም ሁለቱ ቃላት እየተጋጠሙ ስድስት መልክ አለው። ፀሐይን ቢቆጥሯት 12 ትሆናለች፤ ሁለት ጸ፣ ስድስት ሀ።

እንዲህ ብታደርጉ ይሻላል፦ በየቀኑ በምትለጥፉት ጽሑፍ ላይ «ዓሣ»ን ያዙ፣ የግዕዙን ሥር የጠበቀ እሱ ስለሆነ። በቻናሉ መግለጫ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ «ዓሣ፣ አሳ፣ ዓሳ» ብላችሁ ደርድሩ። ከዚያ በሌላ ሰው ስልክ ሦስቱንም እየጻፋችሁ ፈልጉና የሚወጣውን እዩ። በአንድ ማስታወቂያ ውስጥ ግን ሁለት ዓይነት አትቀላቅሉ፤ አንባቢን የሚያስቀው ከ«አሳ» ይልቅ ራስጌው «አሳ» ግርጌው «ዓሣ» ሲሆን ነው።

የታረመው ይኸው፦ «ትኩስ የዓሣ ጉላሽና ለብለብ አለን። ቤትዎ ሆነው ይዘዙን፤ ያሉበት ድረስ እናመጣለን።»

«ፊደል ቁጠሩ» ባዮቹም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። በግዕዝ እነዚህ ፊደሎች ትርጉም ይለያሉ። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ ምሥራቅ ከሱ ነው። ሰረቀ በእሳቱ ሰ ደግሞ የሌባ ሥራ ነው። መሀረ በሃሌታው አስተማረ ነው፤ ምሁር ከዚያ ይመጣል። መሐረ በሐመሩ ይቅር አለ ነው፤ ምሕረት ከዚያ ይመጣል። ድኅነት በብዙኃኑ ኅ መዳን ሲሆን ድህነት በሃሌታው ማጣት ነው። የጉባኤ ማስታወቂያ ላይ «የድህነት ትምህርት ይሰጣል» የሚል ያነበበ ሰው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም አማርኛ ድምፆቹን ከቀላቀለ ቆይቷል። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ይቀነሱ የሚለው ክርክርም አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚም በዘመኑ ይህንኑ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ይቀነሱ የሚለው ወገን ተማሪ ይገላገላል ይላል፣ አይቀነሱ የሚለው የቃላት ዘር ይጠፋል ይላል። እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን፤ ግን በዚህ ምክንያት ዓሣ ጠባሽ መሰደብ አለበት ብለን አናምንም።

ፊደሎቹን መማር የሚፈልግ ቃል በቃል ሳይሆን በቤተሰብ ይማራቸው። ሥራ በንጉሡ መሆኑን ካወቁ ሠራተኛ፣ አሠራር፣ መሥሪያ ቤት አብረው መጡ። ጽሑፍን ካወቁ ጸሐፊ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት ቤት አብረው ናቸው። ሲጠራጠሩ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ይመልከቱ። ቅደም ተከተሉ ግን በአበገደ እንጂ በሀለሐመ አይደለም፤ ሐ ላይ ያለን ቃል መጀመሪያው ገጽ ላይ ፈልጎ «የለም» ብሎ የሚዘጋው ሰው ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ የቆዩ ሪፖርቶችን ከኮምፒዩተር ገልብጬ በድረ ገጽና በቴሌግራም እለጥፋለሁ። አንዳንዱ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል። ሌላው «ኘሮጀክት» እያለ ይመጣል። አራት ነጥቡም ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ሌላ መስመር ላይ ይወድቃል። *(የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ ከግሽ ዓባይ)*

መልስ፦ ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

ምልክት ሆኖ የሚወጣው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ነው። በእነዚያ ፋይሎች ውስጥ የተቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ፎንቱ ነው የአማርኛ ልብስ የሚያለብሰው። ቴሌግራም ላይ ያ ፎንት ስለሌለ ልብሱ ይወልቃል። ስለዚህ ፎንት መቀየር አይረዳም፤ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ቅጂ ይያዙ። መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ ለውጠው ከታተመው ወረቀት ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እንደ ሏ፣ ቷ፣ ኳ ያሉት ፊደሎች፣ ሥርዓተ ነጥቦችና ቁጥሮች ናቸው፤ የበጀት ሠንጠረዥ ካለ በተለይ ቁጥሩን ይቁጠሩ።

«ኘሮጀክት» የመልክ መመሳሰል ያመጣው ነው። ኘ የ«ተገኘ» ፊደል ናት፣ ፕ ደግሞ የፐ ሳድስ። በትንሽ ፊደል ሲታተሙ ይመሳሰላሉ፤ ለፍለጋ ግን «ፕሮጀክት» የሚል ሰው «ኘሮጀክት»ን አያገኝም። ፈልጎ በሚተካው ትእዛዝ «ኘሮ»ን በ«ፕሮ»፣ «ኘሬ»ን በ«ፕሬ»፣ «ኘላ»ን በ«ፕላ» ይተኩ። ኘ የተባለችን በጅምላ ከተኩ ግን «ተገኘ» «ተገፕ»፣ «ጎበኘ» «ጎበፕ» ይሆንብዎታል። መጨረሻቸው ላይ ያለባቸውን፣ ለምሳሌ «ወርክሾኘ» እና «ግሩኘ»ን፣ በዓይን እያዩ አንድ በአንድ ማረም ግድ ነው።

የተሰበረው አራት ነጥብ በእርግጥ አራት ነጥብ አይደለም። ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ ነው፤ ፡ እና ፡ ጎን ለጎን። ሲታይ ይመሳሰላል፣ መስመር ሲያልቅ ግን ሊለያይ ይችላል። ማሽንም ዐረፍተ ነገሩ ማለቁን አያውቅም፤ ጽሑፉን የሚያነብ ወይም የሚተረጉም ፕሮግራም ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ሊያጋጥማቸው ይችላል። በዚህ ቅደም ተከተል ይተኩ፦ መጀመሪያ «፡፡»ን በ«።»፣ ቀጥሎ የእንግሊዝኛውን «::» በ«።»፣ በመጨረሻ ከ«።» በፊት ያለውን ባዶ ቦታ ያጥፉ። ይህ ባዶ ቦታ ከቀረ አራት ነጥቡ ብቻውን አዲስ መስመር ይጀምራል። ሰዓት ላይ ያለችው አንዲት ነጥብ ጥንድ፣ ለምሳሌ 2:30፣ በዚህ አትነካም።

ጥያቄ፦ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የምጽፈው ስለሚፈጥንና ስለሚረክስ ነው። ጓደኞቼም እንዲሁ። ምን ችግር አለው? *(የሁለተኛ ዓመት ተማሪ)*

መልስ፦ ስለ ዋጋው ግማሽ እውነት አለህ። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ይይዛል፤ አንዲት የግዕዝ ፊደል ከገባችበት ግን ጠቅላላው ወደ 70 ይወርዳል። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ባለ 67 ምልክት ክፍሎች ሆኖ ይላካል፤ ሒሳቡም በክፍል ነው። አሁን «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጣና ዳር እንገናኝ» የሚለውን ቁጠር፦ ክፍት ቦታውን ጨምሮ 27 ነው። በላቲን ከጻፍከው 39 አካባቢ ይሆናል። ሁለቱም ከአንድ መልእክት አያልፉም፣ ዋጋቸው እኩል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ረጅም ስትጽፍ ነው። በቴሌግራምና በመሳሰሉት ደግሞ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ በ1 ሜጋባይት ከ300,000 በላይ ፊደል ይገባል። አንድ ፎቶ ከምትልክ የወሩን ወሬህን ሁሉ ብትጽፍ ይረክስሃል።

ችግሩ መነበቡ ላይ ነው። ሥራ፣ ሠራ እና ሴራ በላቲን ፊደል አንድ ይሆናሉ። ጤና እና ጠናም እንዲሁ። «ሥራው ጠና» ያልከው ሰው «የሴራው ጤና» ቢመስለው ጥፋቱ የሱ አይደለም። ጸ እና ሰ፣ ጠ እና ተ፣ ቀ እና ከም በየሰው ልማድ ይደባለቃሉ።

ለፍትሕ ሲባል የኛ ፊደልም ክፍተት አለበት፦ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» በዓሉ ይሁን «እስካሁን አልሆነም» የሚለው፣ «ይበላል» በዪው ይሁን ተበዪው የሚታወቀው ከዙሪያው ነው። ስለዚህ አጭር መልእክት ስትጽፍ አንዲት ቃል ጨምር፤ «የገና በዓል»።

ፍጥነቱ የልማድ ጉዳይ ነው። አንድሮይድ ስልክ ከሆነ የቋንቋና ግብዓት ቅንብር ውስጥ የግል መዝገበ ቃላት የሚል ታገኛለህ፤ እዚያ ለምታዘወትረው ረጅም ሐረግ ባለ ሁለት ፊደል አቋራጭ ስጠው። የጂቦርድ የድምፅ መጻፊያም አማርኛ ያውቃል። ነገር ግን ሥርዓተ ነጥብ ራስህ ጨምር፤ ሁ እና ውንም ሳታይ አትላክ።

ጥያቄ፦ በጀልባ እንግዳ እናመላልሳለን። ለአዲሱ ሰሌዳና ለፌስቡክ ገጻችን «ወደ ዘጌ ገዳማቶችና ደሴቶች የሚሄድ ጀልባ። ኡራ ኪዳነ ምህረት፣ ክብራን ገብርኤል። ጀልባዋ ጠዋት ይነሳል» ብለናል። አንዱ «ደሴቶች» ስሕተት ነው አለን። ቀለም ቀቢው እየጠበቀ ነው።

መልስ፦ ደሴቶች ልክ ነው፤ የነገራችሁ ሰው የተሳሳተው መጨረሻው ላይ ያለችውን ት የብዙ ምልክት አድርጎ ነው። ደሴት አንድ ነው፣ ታቦትም እንዲሁ። ስሕተቱ «ገዳማቶች» ነው፦ ገዳማት በግዕዙ ብዙ ነውና ኦች ሲጨመርበት ሁለት ጊዜ በዛ። ገዳማት ወይም ገዳሞች በሉ። መምህራኖች፣ ሕፃናቶች፣ መነኮሳቶች የሚሉትም የዚሁ ቤት ናቸው። ዑራ በዓይኑ፣ ምሕረት በሐመሩ ይጻፉ። ጀልባዋ ካላችሁ ትነሣለች፤ ይነሣል ካላችሁ ጀልባው በሉ።

ለቀቢው የሚሰጠው ይኸው ነው፦ «ወደ ዘጌ ገዳማትና ወደ ደሴቶቹ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ክብራን ገብርኤል። ጀልባው ጠዋት ይነሣል።» በስልክ አንብባችሁ አትንገሩት፤ በትልቁ አትማችሁ ወረቀቱን ስጡት። መጀመሪያም በእርሳስ ይንደፈው፣ ዑ እና ሕ ላይ እናንተው ቆማችሁ እዩ።